የ8ኛ ክፍል ፈተና ላይ ድርሰት ይጨመር? ድሬዎች፣ ኑ እንከራከር

የአማርኛ መምህር፣ ሳቢያን፦
ሰላም ለድሬ ልጆች። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ እሱ ላይ እኛ ብንጮህም ብዙ ለውጥ የለም። የ8ኛ ክፍልን ፈተና የምታዘጋጀው ግን ድሬዳዋ ራሷ ናት። እዚያ ላይ አንድ አሳማኝ ድርሰት ለምን አይጨመርም? እኔ ይጨመር ባይ ነኝ።

መጽሐፉ ውስጥ ድርሰት አለ። ተራኪ፣ ገላጭ፣ አመዛዛኝ ተብሎ ተከፋፍሏል። ልጆቹ ዓይነቶቹን በቃላቸው ይነግሩሃል። ጻፉ ስትላቸው ግን እስክሪብቶው አይንቀሳቀስም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈተናው ከ"ሀ" እስከ "መ" ካሉት አንዱን ምረጥ ነው። ትምህርቱን ገና ስትጀምር "ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?" ይሉሃል። አይወጣም ካልክ ደብተሩ ይታጠፋል። መምህሩም ቢሆን አይፈረድበትም፤ መጽሐፉን የመጨረስ ግዴታ አለበት። ስለዚህ አንድ ልጅ አቋም ይዞ፣ ምክንያት ደርድሮ፣ ለተቃዋሚው መልስ ሰጥቶ አንድ ገጽ ሳይጽፍ 9ኛ ክፍል ይገባል። እዚያ ደግሞ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በገዛ ቋንቋው መሟገት ያልለመደ በሰው ቋንቋ ከየት ያመጣዋል?

ወላጅ፣ ገንደ ቆሬ፦
አቦ መምህር፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን አልስማማም። ምርጫ ቢያንስ ሰው አይለይም። መልሱ "ሐ" ከሆነ የሀብታም ልጅም ያክብበው የድሃ ልጅ፣ ያው "ሐ" ነው። ድርሰት ላይ ግን ዳኛው አራሚው ነው። የልጄ የእጅ ጽሑፍ አይነበብም፤ ሐሳቧ ግን እኔን ራሴን ብዙ ጊዜ ረትቶኛል። ደክሞት ሌሊት የሚያርም ሰው እጅ ላይ ብትወድቅስ?

ደግሞ በየትኛው ቋንቋ ነው? ትልቁ ልጄ በኦሮምኛ ተማረ፣ ትንሿ በአማርኛ ትማራለች፣ የጎረቤቴ ልጆች በሶማሊኛ። ለሦስቱም እኩል የሆነ ሚዛን አሳየኝ። አስጠኚ የሚቀጥር ሰው ደግሞ አለ። አስጠኚው ልጅቷን አምስት የተዘጋጀ ድርሰት ያሸመድዳትና የወጣው ርዕስ ላይ ገልብጣ ትመጣለች። ያኔ ድርሰቱም እንደ ምርጫው ሽምደዳ ሆነ ማለት ነው።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ለገሃሬ፦
እኔ ስለ ፈተናው ሳይሆን ስለ ርዕሶቹ ልናገር። "የትምህርት ጥቅም"። "የአካባቢ ንጽሕና"። "ከብዕርና ከሰይፍ የቱ ይበልጣል"። ትምህርት አይጠቅምም ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ታዲያ ማንን ነው የማሳምነው?

ዘንድሮ የክበብ መምህርታችን ስለ ደቻቱ ወንዝ ጻፉ አለችን። አሸዋው ላይና ወንዙ ዳር የሚነግዱ ሰዎች ይነሱ ወይስ ይቆዩ? የመጀመሪያ ረቂቄ እንዲህ ይላል፦ "ደቻቱ ዳር መነገድ እጅግ አደገኛ ነው። ሁላችንም እንደምናውቀው ጎርፍ ከፍተኛ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን እርምጃ ሊወስድ ይገባል።"

መምህርቷ አንድም ቃል አላረመችም። ከሥሩ ሦስት ጥያቄ ጻፈችበት። የሚመለከተው አካል ማነው? ሁላችንም የምናውቀው ከሆነ ለምን ትነግሪናለሽ? እዚያ የምትነግደው ሴት ብታነበው ምን ትልሻለች?

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆምኩ። አክስቴ እዚያው አካባቢ ቲማቲም ትሸጣለች። ሄጄ ጠየቅኳት። "ሰማዩ ጠርቶ እያየሁት ምን ብዬ ነው የምነሳው?" አለችኝ። ሁለተኛው ረቂቅ ከእሷ ቃል ጀመረ፦ "ሰማዩ ጠርቶም ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የሚጥለው ደንገጎ በኩል፣ ተራራው ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ የመጣው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ነገር ግን ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ሰው ወደማይሄድበት ብትወሰድ ማን ይገዛታል? ከመነሳቷ በፊት ገበያተኛ የሚያልፍበት ቦታ ይሰጣት።" ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ደብዳቤ አድርጌ ነው የጻፍኩት። እኔን የለወጠኝ ውጤት አይደለም፤ አክስቴ መልስ መስጠቷ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ከዚራ፦
እህቴ፣ ያ ሁለተኛው ረቂቅሽ በጣም ደስ ይላል። መምህርትሽንም አደንቃለሁ። እስቲ አሁን ስለ እርማት እናውራ፣ ሁሉም ሰው የሚዘላት ነገር እሷ ናት። አምስት ክፍል አስተምራለሁ፣ በየክፍሉ 60 ልጅ አለ። 300 ወረቀት ማለት ነው። ለአንዱ 5 ደቂቃ ብሰጥ 25 ሰዓት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ለአንድ ድርሰት ነው። በወር ሁለቴ ጻፉ ብል ሌላ ሥራ አይኖረኝም።

ስለዚህ ሁሉንም ስህተት ማረም ትቻለሁ። ገጽ ሙሉ አላስጽፍም፣ አንድ አንቀጽ ይበቃኛል። በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አያለሁ። በዚህ ሳምንት አቋሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግልጽ ሆኗል ወይ? በሚቀጥለው፣ ማስረጃው አቋሙን ይደግፋል ወይ? እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ልጅ የሚወድቀው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ እስቲፈን ቱልሚን በ1958 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሙግትን ሲተነትን አቋምንና ማስረጃን ብቻ አልቆጠረም። ማስረጃው ለምን ወደዚያ አቋም እንደሚያደርስ የሚገልጸውን ክፍልም ለብቻው አውጥቶታል። የእኛ ልጆች ይሄን ክፍል ዘለው "ስለዚህ" ብለው ይደመድማሉ። "ባጃጅ በዝቷል። ስለዚህ ይከልከል።" እንዴት ከዚህ እዚያ ደረስክ? እጠይቀዋለሁ፣ በቃሉ ይመልስልኛል፣ የመለሰውን ጻፈው እለዋለሁ።

ከዚያ ወረቀት ይለዋወጣሉ። ጓደኛው "ግን እኮ..." ብሎ የሚጀምር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፍበታል። ባለቤቱ ለዚያ መልስ ሳይሰጥ አያስረክብም። ይሄኛው የእኔን ጊዜ አይወስድም። በአንድ ሴሚስተር ያየሁት ለውጥም ከዚህ የመጣ ነው።

ፈተናውን በተመለከተ፣ አሁን አይሁን ባይ ነኝ። የተዘጋጀ መምህር ሳይኖር ፈተናው ቢቀድም ወላጁ ያሉት ሽምደዳ ይመጣል።

ጡረታ የወጣሁ ጠበቃ፣ ሐረር፦
ልጆቼ፣ ክርክራችሁ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጨምር። አባቶቻችን ችሎት ሲቆሙ ወረቀት አልነበራቸውም። "በላ ልበልሃ" ብሎ ይነሳል ተሟጋቹ። ባላጋራውን "ተጠየቅ" ይለዋል። ያኛው የተጠየቀውን ሳይመልስ ወደ ሌላ ነገር መዝለል አይችልም፤ ከዘለለ ተረታ። ሙግት ማለት የባላጋራህን ቃል ሰምተህ፣ እሱን ይዘህ መመለስ ነበር። በኦሮሞውም በሶማሌውም ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ነገር ያለ ማዳመጥ አይሄድም።

ዛሬም ልጆቹ ችሎታውን አላጡም። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከባጃጅ ሹፌር ጋር በሒሳብ ሲከራከር ቆማችሁ ስሙት። "ትናንት በዚሁ ሒሳብ ሄጃለሁ" ይላል፣ ማስረጃ ነው። "ያ ልጅም እዚሁ ነው የወረደው፣ እሱን ስንት አስከፈልከው?" ይላል፣ ምስክር ነው። "ነዳጅ መጨመሩን አውቃለሁ፣ ግን እጥፍ አልጨመረም" ይላል። የሹፌሩን ምክንያት ተቀብሎ መለሰለት ማለት ነው። ይሄው ልጅ ክፍል ሲገባ "ሁላችንም እንደምናውቀው" ይላል። መጀመሪያ ቆመው ይሟገቱ፣ ቀጥሎ የተናገሩትን ይጻፉት። ሌላው፣ ያዩትን ከሰሙት ይለዩ። "አሉ" እየተባለ የሚጻፍ ድርሰት እኔ ቆሜ በነበርኩበት ችሎት አንድ ደቂቃ አይቆምም።

የአማርኛ መምህር፣ ሳቢያን፦
አባባ፣ እግዜር ይስጥልን። "ተጠየቅ"ን ክፍል ውስጥ አስገባዋለሁ።

ለወላጁ ልመልስ። እኔም እንደ ልጆቹ ተቃዋሚዬን ሳልመልስ ማለፍ የለብኝም። ወረቀቱ ላይ ስም አይኖርም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ያርመዋል፤ ነጥባቸው ከተራራቀ ሦስተኛ ያየዋል። የእጅ ጽሑፍ ውበት ነጥብ የለውም። አቋም፣ ማስረጃ፣ ለተቃዋሚ የተሰጠ መልስ፣ አለቀ። ሽምደዳውን የሚከለክለው ደግሞ ይሄ ነው፦ ፈተናው ላይ በአንድ ጉዳይ የሚቃረኑ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ይሰጣሉ። ተማሪው ከሁለቱም ጠቅሶ ነው የሚጽፈው። አስጠኚው እነዚያን ጽሑፎች ቀድሞ ሊያገኛቸው አይችልም።

አይቻልም እንዳትሉኝ። የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ላይ በእንግሊዝኛም በስዋሂሊም ድርሰት አለ። በእኛ አገር እንኳ ብናሰላው፣ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰደው ከ845 ሺህ በላይ ተማሪ ነው። ለአንድ ወረቀት 5 ደቂቃ ይሰጥ። 1,000 አራሚ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በ9 ቀን ያልቃል፣ ሁለት ጊዜ ቢታረም በ18 ቀን። ያ አገር ሙሉ ነው። የአንዲት ከተማ 8ኛ ክፍል ከዚያ በጣም ያንሳል። በዚያው ዓመት ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ መሆኑንም አትርሱ። ምርጫ እያስከበብን የመጣንበት ቦታ ይሄ ነው።

ወላጅ፣ ገንደ ቆሬ፦
ሁለቱን የሚቃረኑ ጽሑፎች ወደድኩት። ስም መደበቁንም። ቋንቋው ላይ ግን አልመለስክልኝም። ሦስቱም ቋንቋ የየራሱ አራሚ ያስፈልገዋል። የአማርኛው አራሚ ለጋስ፣ የሶማሊኛው ቆንጣጭ ቢሆን የጎረቤቴ ልጅ ምን በደለች? ይሄ ሳይስተካከል ልጅ 9ኛ ክፍል እንዳይገባ ሊያደርግ በሚችል ፈተና ላይ ድርሰት እንዲገባ አልፈቅድም። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ነጥቡ ሳይያዝ ይሞከር። የታረመው ወረቀት ለወላጅ ይታይ። ያኔ እንነጋገራለን።

የአማርኛ መምህር፣ ሳቢያን፦
ይሄ ፍትሐዊ ነው፣ ሁለቱን ዓመት ተቀብያለሁ። ነጥብ ካልተያዘ ልጆቹ "ይወጣል?" እያሉ ደብተር ማጠፋቸው እንዳይቀጥል ግን እሰጋለሁ። እሱን ከትምህርት ቤቱ ተከታታይ ምዘና ጋር ማያያዝ እንችላለን። ለቋንቋው፣ ሦስቱ አራሚዎች ከማረማቸው በፊት አንድ ላይ ተቀምጠው ወደየቋንቋቸው የተመለሱ ተመሳሳይ ናሙናዎችን ያርሙ፤ የተለያየ ነጥብ የሰጡበትን እየተከራከሩ ይቀራረቡ። እዚህ ያላችሁ የኦሮምኛና የሶማሊኛ መምህራን፣ ናሙናውን አብረን እንድናዘጋጅ እጃችሁን አውጡ። የመጀመሪያውን ርዕስ የለገሃሬዋ ልጅ ታውጣልን።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ለገሃሬ፦
እሺ ቲቸር። "ባጃጅ ማታ ታሪፍ ይጨምር ወይስ አይጨምር?" የሹፌሮቹን ጽሑፍ ሹፌሮቹ ራሳቸው ይጻፉት።