ነፍሰ ጡር ቅራሪ ብትጠጣ ፅንሱን ይነካዋል?

የደብረ ሲናው መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ አራተኛ ወሯን ይዛለች። የሚካኤል ዝክር ስላለብን አማቴ ከመንዝ መጥተው ጠላ ጠምቀዋል። «ጉሹን አትንካ፣ ቅራሪው ግን ምን ይላታል? እኔ ስወልድ ማን ከለከለኝ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ አልኮል የነርቭ ሴሎችን የሚያያይዝ ፕሮቲን ያሰናክላል የሚል ነገር አይቼ ነበር። እንዴት ነው? እሳቸውን መሟገቱ ይከብደኛል፤ ቢያንስ እኔ ይግባኝ።

አናቶሚ አስተማሪዋ፦
መምህር፣ ያየኸው ኤል-ዋን ስለሚባለው ፕሮቲን ይመስለኛል። ነርቭ ሴል ሲያድግ ረጅም ክር ይልካል። የክሩን ጫፍ መጀመሪያ ያሳየው ስፔናዊው ሳይንቲስት ካኻል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1890። ይህ ጫፍ ዓይን የለውም፤ ጉም በወረደበት ቀን ጣርማ በርን በእግሩ እንደሚወጣ ሰው እየዳበሰ ነው የሚሄደው። የሚይዘው ካገኘ ወደፊት ይሳባል፣ ካጣ ይሸሻል። ከሚይዝባቸው ፕሮቲኖች አንዱ ኤል-ዋን ነው። ከሴሉ ሽፋን ወደ ውጭ ወጥቶ ጎረቤት ሴል ላይ ካለው ሌላ ኤል-ዋን ጋር ይጣበቃል፤ በውስጥ በኩል ደግሞ አንኪሪን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይታሰራል።

የኤል-ዋን ጂን ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ ይታወቃል። ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ የሚጎዱት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፣ ከ30,000 ወንድ ልጆች አንዱ ገደማ። ጭንቅላታቸው ውሃ ይቋጥራል፣ አውራ ጣታቸው ወደ መዳፍ ይታጠፋል፣ የግራና የቀኝ አንጎልን የሚያገናኘው ኮርፐስ ካሎሰም ይቀጭጫል ወይም ጭራሽ አይኖርም። እናታቸው በእርግዝና ብዙ የጠጣች ልጆች ላይም ተመሳሳይ የአንጎል ጉድለት አንዳንዴ ይታያል። ተመራማሪው ማይክል ቻርነስና ባልደረቦቹ መመሳሰሉን ይዘው ሴሎችን በላቦራቶሪ ፈተኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ሥራ ኤታኖል፣ ማለትም መጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል፣ ኤል-ዋን ከኤል-ዋን ጋር እንዳይያያዝ ሲያደርግ ታየ። መጠኑ ደግሞ ሰክሮ የወደቀ ሰው ደም ውስጥ ያለው አይደለም፤ አንድ ሁለት ብርጭቆ የጠጣ ሰው ደም ውስጥ የሚገኝ ነው።

አራተኛ ወር ማለትህ ነው ያሳሰበኝ። ኮርፐስ ካሎሰም ቅርጹን የሚይዘው በግምት ከ12ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ነው፣ ማለትም አሁን። እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ፣ የቀረበን ጠላ መመለስ ምን ያህል እንደሚያስወቅስ አውቃለሁ። ግን ቅራሪ ቢቀጥንም ያው ኤታኖል አለበት።

ተጠራጣሪው፦
እህቴ፣ ሳህን ላይ ያደገ ሴል ማህፀን ውስጥ ያለ ልጅ አይደለም። መንዝና ተጉለት ስንት ትውልድ ጠላ ጠጥቶ አድጓል!

አናቶሚ አስተማሪዋ፦
ልክ ነህ፣ አይደለም። አልኮል ፅንስን የሚጎዳበት መንገድም ኤል-ዋን ብቻ አይደለም። አንድ ብርጭቆ ቅራሪ ልጅ ያሰናክላል አላልኩም። ነገር ግን «እስከዚህ ድረስ ምንም አይልም» የሚባል ልክ እስካሁን አልተገኘም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ምክሩ በእርግዝና ጨርሶ አለመጠጣት ነው። ያደጉትን እናያለን፤ ትምህርት አልገባህ ያለውን ልጅ ግን ከእናቱ ጠላ ጋር ማን አያይዞት ያውቃል?

የሸዋ ሮቢቷ፦
መምህር፣ ለእማማ ስለ ፕሮቲን እንዳታወራ። «ሐኪም ከልክሏታል» በል፣ አለቀ። ተልባ አስቆላላት፣ በማር በጥብጣችሁ በዋንጫ ስጧት። ዋንጫ ከያዘች ማንም «ጠጪ እንጂ» አይላትም።

የደብረ ሲናው መምህር፦
ተባረኩ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ እርጉዝ መሆኗን ሳናውቅ ሠርግ ላይ ትንሽ አረቄ ቀምሳ ነበር። ይህን ካነበበች ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

አናቶሚ አስተማሪዋ፦
ያለፈውን እያሰበች አትጨነቅ። ለክትትል ስትሄድ ለአዋላጇ በግልጽ ትንገራት፣ የአልትራሳውንድ ቀጠሮዋንም አታሳልፍ። አንጎል በሁለተኛው ወር ተሠርቶ አያልቅም፤ እስከ ወሊድ፣ ከዚያም በኋላ ያድጋል። ስለዚህ ዛሬ ማቆሟ ይጠቅመዋል።