ደሴ ላይ የናፍጣ ጭስ ልኬት ለምን ይህን ያህል ይዘላል?

ሰላም፣ የጭስ ልኬት የምታውቁ እርዱኝ። መኪናው የቶዮታ 5ኤል (የሞዴል ስም ነው) የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ቱርቦ የሌለው ሚኒባስ ነው። ኮምቦልቻ (1,850 ሜትር ገደማ) ቆሞ በባዶ ማርሽ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ የጭሱ ጥቁረት 45 በመቶ ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ (2,500 ሜትር ገደማ) ሲለካ 68። መለኪያው ብርሃኑን የሚያሳልፍበት ርቀት 0.43 ሜትር ስለሆነ፣ ኬ (ጭሱ በአንድ ሜትር ብርሃን የሚውጥበት መጠን) ከ1.39 ወደ 2.65 ይዘላል፤ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ከፍታው አየሩን ያሳሳል፤ ፓምፑ ግን ያንኑ ናፍጣ ይልካል፣ ስለዚህ ኦክስጅን ያጥረውና ጥላሸት ይበዛል። እዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ግፊቱ የሚወርደው ግን ከ81 ወደ 75 ኪሎፓስካል ያህል ብቻ ነው። ሁሉንም በከፍታ ማሳበብ ይከብደኛል።

ዘይቱ በሁለቱም ቦታ ከ80 ዲግሪ በላይ ሞቋል። ማርሚታ ውስጥ የተጠራቀመው ጥላሸት እንዲወጣ የመጀመሪያዎቹ 3 ርግጫዎች አልተቆጠሩም፣ የተያዘው የቀጣዮቹ 4 አማካይ ነው። ፊልትሮው አዲስ ነው፤ ኖዝሎቹም አይንጠባጠቡም። መለኪያው ዜሮ የተደረገው ግን ኮምቦልቻ ላይ ብቻ ነው (ስንፍና ነው፣ አውቃለሁ)። መስታወቱ በመጀመሪያው ልኬት ጠቁሮ ከሆነ የደሴው ቁጥር ተጋኗል ማለት ነው።

የደሴውን ልኬት ልጣለው ወይስ የሚታረምበት ስሌት አለ? የፓምፑን የሙሉ ጭነት ብሎን (ከፍተኛውን የናፍጣ መጠን የሚወስነውን) ለደሴ ብቀንሰው ኮምቦልቻ ላይ ጉልበት ምን ያህል ይጎድለዋል? ናፍጣ የሚረጭበትን ጊዜ በ1 ዲግሪ ባስቀድምስ፣ ጥላሸቱ ቀንሶ ናይትሮጅን ኦክሳይድ አይጨምርብኝም?