የአምሃ ሪከርድስ ባለ 45 ዙር ሸክላ በኢቤይ ጨረታ፦ ኦሪጅናል መሆኑን በምን ልለይ? እስከ ስንትስ ልጫረት?

ባለመርፌው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኢቤይ ላይ አንድ የአምሃ ሪከርድስ (የድሮው ሸክላ አሳታሚ) ነጠላ ሸክላ ለጨረታ ወጥቷል። ሻጩ አሜሪካ ነው፣ እኔ ጀርመን። ሊዘጋ 5 ቀን ቀርቶታል፤ አሁን 62 ዶላር ላይ ነው። ሻጩ «ቪጂ ፕላስ (ከሸክላ የጥራት ደረጃዎች አንዱ)፣ በዓይን ብቻ የታየ» ብሎ ጽፏል። ያስቀመጠው ፎቶ የሁለቱን ጎን ሌብል (መሐሉ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት) ብቻ ነው፤ በአንደኛው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ይታያል። ኦሪጅናል ይሁን ዳግም እትም መለየት አቃተኝ። ማጓጓዣውም ግብሩም ተደምሮ ከ250 ዩሮ ማለፍ አልፈልግም። ሻጩን ምን ልጠይቀው? ስንትስ ልስጥ?

ማትሪክስ፦
ያ የእስክሪብቶ ቁጥር ራሱ ጥሩ መነሻ ነው። ሻጩ መብራት ከጎን እያበራ ሌብሉን ከቅርብ እንዲያነሳልህ ጠይቀው። እውነተኛ እስክሪብቶ ወረቀቱን ትንሽ ይሰረጉደዋል፣ ቀለሙም ለብቻው ያብለጨልጫል። አስመስለው የሚያትሙ ሰዎች አሮጌ ሌብል ስካን አድርገው ስለሆነ የሚሠሩት፣ የድሮው ባለቤት የጻፈው፣ እድፉና ቅዳጁ ሁሉ አብሮ ይታተማል። ፎቶውን አጉልተህ ትንንሾቹን የግዕዝ ፊደላት ተመልከት። የ«ኘ» ቆብ ከፊደሉ ጋር ተጣብቆ ከደበዘዘ፣ ወይም ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ከመሰለ፣ ጠርጥር።

ሁለተኛው ፎቶ ዘፈኑ አልቆ መርፌው የሚሽከረከርበት ባዶ ቀለበት ነው። እዚያ የተጫረ ወይም የተመታ ቁጥር አለ፤ ማትሪክስ የሚባለው እሱ ነው። በሁለቱም ጎን ያለውን ፊደል በፊደል እንዲጽፍልህ አድርግና ዲስኮግስ (የሸክላ እትሞች መዝገብ የሆነ ድረ ገጽ) ላይ ከተመዘገበው ጋር አስተያይ። ሌብሉን ማስመሰል ቀላል ነው፣ ቀለበቱን ግን ብዙዎቹ ይረሱታል።

ሌብሉ ላይ የውጭ አገር ስም ብታይ አትደንግጥ። የአምሃ ሪከርድስ ባለቤት አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሲሠሩ አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ የሚያስጨፈልቁት ውጭ ነበር፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስ። ስለዚህ «ሕንድ የታተመ» ማለት የውሸት ማለት አይደለም። ባርኮድ ወይም የድረ ገጽ አድራሻ ካለበት ግን ነገሩ አለቀ፣ ዳግም እትም ነው።

ፒያሳ45፦
ማትሪክስ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ስለ ደረጃው ልጨምር። «በዓይን የታየ» ማለት አላጫወትኩትም ማለት ነው። የእኛ አገር ሸክላ ደግሞ በአብዛኛው ቡና ቤትና ግብዣ ላይ በከባድ መርፌ ተጨፍጭፏል። ጭረት የሌለው፣ ግን ቦዩ (መርፌው የሚሄድበት መስመር) የተበላ ሸክላ በፎቶ ንጹሕ ይመስላል፤ ስታጫውተው የዘፋኙ ድምፅ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፣ «ሰ» እና «ሸ» እንደ ዘይት ይጠበሳሉ። የሚከተለውን ብቻ ጠይቅ፦ የእያንዳንዱ ጎን የመጀመሪያና የመጨረሻ 30 ሰከንድ በስልክ ቪዲዮ ተቀርጾ ይላክ። ጉዳቱ የሚብሰው መጨረሻው ላይ ነው፤ ወደ መሐል በገባህ ቁጥር የቦዩ ዙር ስለሚያጥርና ድምፁ ስለሚጨናነቅ።

ቪዲዮው ሌላም ይነግርሃል። ሸክላው እንደ መስታወት እያብለጨለጨ ድምፁ ውስጥ ግን ጠቅ ጠቅ የሚል ካለ፣ ከሌላ አሮጌ ሸክላ ተቀድቶ የታተመ ሊሆን ይችላል።

የመሐል ቀዳዳው ዙሪያ ላይም አተኩር። ሸክላ በተቀመጠ ቁጥር የማጫወቻው ዘንግ ሌብሉን ይጭረዋል፤ በቀዳዳው ዙሪያ ቀጫጭን አንጸባራቂ መስመሮች ከበዙ ብዙ ተጫውቷል። ከቀዳዳው የሚነሳ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ግን በነፃም አትውሰደው።

የጨረታ ሰው፦
ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ጀርመን ስትሆን 19 በመቶው ግብር የሚሰላው በዕቃው ዋጋና በማጓጓዣው ድምር ላይ ነው። ዕቃው እስከ 150 ዩሮ ከሆነ ኢቤይ ራሱ ሲያስከፍልህ ይቆርጣል፤ ካለፈ ጉምሩክ ላይ ትከፍላለህ፣ አድራሹ ድርጅትም የማስፈጸሚያ ያስከፍልሃል። ማጓጓዣው 22፣ ማስፈጸሚያው 6 ዩሮ ነው እንበል። 250 ሲቀነስ 6፣ 244። ለ1.19 ሲካፈል 205። ከዚያ 22 ሲቀነስ 183 ዩሮ። ጣሪያህ ይኸው ነው። ቀረጥ ካለ ደግሞ ከዚህም ዝቅ በል። በዶላር ስትቀይረው የባንክህን ምንዛሪ ተጠቀም፤ ፔይፓል በራሱ ምንዛሪ እንዳይቀይርብህም ሲያስከፍልህ «ካርዱ ይቀይር» የሚለውን ምረጥ።

አሁን ምንም ዋጋ አትስጥ። በ5 ቀን ውስጥ የምታስገባው ዋጋ ሌላውን ከማነሣሣት በቀር አይጠቅምህም። ሊዘጋ 7 ወይም 8 ሰከንድ ሲቀረው ጣሪያህን አንዴ አስገባ። ሥርዓቱ ሙሉውን አይወስድብህም፦ ቀጣዩ ሰው 120 ዶላር ላይ ከቆመ አንተ የምትከፍለው 122.50 ነው፣ በዚያ ዋጋ ላይ የጭማሪው እርከን 2.50 ስለሆነ። ድፍን ቁጥር ብዙ ሰው ስለሚያስገባ ጥቂት ሳንቲም ጨምርበት፤ እኩል ከመጣችሁ ቀድሞ ያስገባው ነው የሚያሸንፈው።

ማትሪክስ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ሻጩ ጨረታውን አቋርጦ ከጎን ለመጣ ሰው እንዳይሸጠው በጊዜ ትንሽ ዋጋ ማስገባት ይጠቅማል። ዋጋ የተሰጠበትን ዕቃ ማንሳት ይከብደዋል።

የጨረታ ሰው፦
62 ዶላር ደርሷል እኮ፣ ዋጋ ተሰጥቶበታል። ገና ማንም ያልነካው ቢሆን ልክ ነህ።

ደግሞ «ከኢቤይ ውጪ እንገበያይ» ካለህ እምቢ በል። ኢቤይ ላይ ከከፈልክ፣ ዕቃው እንደተገለጸው ካልሆነ ከደረሰህ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ማስመለስ ትችላለህ። በፔይፓል የጓደኛና የቤተሰብ መላኪያ የሄደ ገንዘብ ግን ቀረ ማለት ነው።

ሸክላ ቤት፦
ካሸነፍክ በኋላ ስለ አስተሻሸጉ ጻፍለት። ሸክላው ከሽፋኑ ወጥቶ ከኋላው ይቀመጥ፤ ውስጥ እንዳለ ከተላከ ካርቶኑ ሲወድቅ ጠርዙ ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል። ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት ካርቶን፣ የአንዱ ሽንሽን ወደ ላይ የሌላው ወደ ጎን፤ እንደዚያ ሲሆን አይታጠፍም። ሲደርስህ እሽጉን ስትፈታ ቪዲዮ አንሣ። ብርድ ላይ የቆየ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰዓት ቤት ውስጥ ይረፍ።

ለማጠብ፦ 750 ሚሊ ዲስቲልድ ውሃ፣ 250 ሚሊ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ሁለት ጠብታ። በለስላሳ ብሩሽ ከቦዩ ጋር ክብ እየዞርክ እጠብ፣ ከዚያ በዲስቲልድ ውሃ ብቻ አለቅልቅ። ሌብሉን ውሃ አታስነካ፣ የዚያ ዘመን ቀለም ይለቃል።

ፒያሳ45፦
ይኼ ለባለ 45 እና ባለ 33 ዙር ፕላስቲክ ብቻ መሆኑ ይሰመርበት። በ1908 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ተሰማ እሸቴ ጀርመን እንደቀረጹት ያለ ባለ 78 ዙር ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነው፣ አልኮል ያሟሟዋል። መርፌውም ሌላ ነው፤ ለ78 ወደ 3 ሚል (የኢንች ሺህኛ) የሚጠጋ ጫፍ ያስፈልጋል፣ የተለመደው ቀጭን መርፌ ቦዩ ግርጌ ላይ ይንከባለላል።

ሌላው፣ ፍለጋህን አስፋ። ፈረንጅ ሻጮች ስሞቻችንን በየራሳቸው ነው የሚጽፉት። የጥላሁንን ስም በፈረንሳይኛው አጻጻፍ ከ«T» ቀጥሎ አናባቢ ሳያስገቡ ይጽፉታል፣ በእንግሊዝኛው ግን ያስገባሉ። ሁለቱንም መዝግበህ ማሳወቂያ አብራ። «የኢትዮጵያ 45» ብለው ብቻ የሚያወጡም አሉ፣ ዘፋኙን ስለማያውቁት። ሌብሉን በአማርኛ ማንበብ የሚችል ተጫራች እዚያ ጋ ብዙ ተፎካካሪ የለውም።

ባለመርፌው (ጠያቂ)፦
አመሰግናለሁ። ሻጩ ፎቶ ልኳል፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሰርጉዶታል፣ ቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥርም ዲስኮግስ ካለው ጋር ገጠመ። ግን ሌብሎቹ ተዛውረዋል፤ የአንደኛው ጎን ዘፈን በሁለተኛው ሌብል ነው የሚጫወተው። ዋጋ ይቀንሳል?

ማትሪክስ፦
አይቀንስም። ማተሚያው ላይ የተሳሳተ ነው፤ እንዲያውም ለይቶ የሚፈልገው ሰው አለ። ሻጩ መግለጫው ላይ ከጨመረው ግን ተፎካካሪ ይበዛብሃልና፣ ጣሪያህን 183 ዩሮ ላይ አጥብቀህ ያዝ።