«አርቲስቶችና የእጅ ባለሙያዎች» ሲባል ሸክላ ሠሪ የቱ ውስጥ ናት?

ጠያቂ፦ በቀደም አንድ ኤግዚቢሽን ሲከፈት መድረክ መሪው «አርቲስቶችና የእጅ ባለሙያዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ። አክስቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ዘወር ብላ «እኔ የትኛው ነኝ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ማሰሮውን በለስላሳ ጠጠር እያሸች ስታበራው፣ ከዚያ አንገቱን ዙሪያውን በጥፍሯ ስታሰምር ስንቴ አይቻታለሁ፤ እጇ መሃል ላይ አይቆምም፣ መስመሩ ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል። ያቺ «ና» ማንን ከማን ለመለየት ገባች?

ባለ ብዕር፦ «አርቲስት» እኛ ጋ ማዕረግ ሆኗል እኮ። እንደ ዶክተር ከስም በፊት ይቀመጣል፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ለተዋናይና ለዘፋኝ። ሠዓሊው ሠዓሊ፣ ደራሲው ደራሲ ተብሎ ይቀራል። «የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት» የተባሉት አፈወርቅ ተክሌ ለየት ያሉ ናቸው። «ከያኒ» እንበልና እንገላገል።

የኔታ፦ ቀስ በል ልጄ። ሥሩ «ኪን» ነው፣ ብልሃት፣ የእጅ ሥራ ጥበብ ማለት። ግዕዙ «ኬንያ» ሲል ባለ እጁን ሁሉ ነው። ዘጸአት 31ን ግለጥ። ባስልኤል መንፈስ ሞልቶበት ምን ሠራ? ወርቅ፣ ብር፣ ናስ፣ እንጨት። ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ይህን አይስተውም።

መዝገብ ገላጭ፦ የኔታ ልክ ነዎት፤ እኔን የሚያመኝ ግን «ጠቢብ» ነው። «ጠይብ» የወጣው ከእሱ ነው። በአንድ ቃል ሰሎሞንን አሞገስንበት፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ሰደብንበት። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል።

ባለ ብዕር፦ «በ» እንዴት «የ» ሆነች? «ሰብእ» «ሰው» ሲሆን «በ» የተለወጠችው ወደ «ወ» ነው።

መዝገብ ገላጭ፦ «ቢ» ሣልስ ናት። «በ» ስትላላ «ኢ» ብቻዋን ትቀራለች። ጠቢብ፣ ጠኢብ፣ ጠይብ። ጮክ ብለህ ደጋግመህ በለው፣ አፍህ ራሱ ይወስድሃል።

ባለ ብዕር፦ አፌ ማስረጃ አይሆንም። ዓረብኛውም «ጠቢብ» ይላል፣ ሐኪም ማለቱ ነው። ምናልባት በዚያ በኩል መጥቶ ቢሆንስ?

የኔታ፦ ከዓረብኛ አልተዋስነውም። ሁለቱም ሴማውያን ናቸው፣ ሥሩን ይጋራሉ። ግዕዝን ዝለህ ባሕር አትሻገር።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ግን አክስቴን ምን ልበላት? ቅዳሜ እሄዳለሁ።

የኔታ፦ «ኬንያ ነሽ» በያት። ቃሉ የእሷ ነው።

ጠያቂ፦ የኔታ፣ እሷ ግዕዝ አታውቅም። አገር ትመስላታለች።

ባለ ብዕር፦ እስከ ቅዳሜ እናስብበት። «ጠኢብ» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ጽሑፍ ያለው ግን ያምጣልኝ፤ እስከዚያ አልቀበልም።