የኮሮላ የፊት ብራቾን በቤት ስለ መቀየር፦ አዲሱ ጎሚኒ በሰባት ወር ለምን ተቀደደ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ፤ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሥራ ደጀን ደርሳ ትመለሳለች፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ የዓባይን በረሃ አቋርጣ አዲስ አበባ ትገባለች።

ባለፈው የካቲት በሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብዬ ስነዳ ከፊት በግራ በኩል ብረት ከብረት የሚጋጭ የሚመስል ድምፅ መስማት ጀመርሁ። ጋራዥ ወሰድኋት፤ የሁለቱም የታችኛ ብራቾዎች (ጎማውን ከሥር ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙት ክንዶች) ጎሚኒ፣ ማለትም መጋጠሚያቸው ላይ ያለው ላስቲክ፣ ተበልቷል ተብሎ አሮጌው በፕሬስ ወጣና አዲስ ገባ። ድምፁ ወዲያው ጠፋ፤ እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። በመስከረም ግን ያው ድምፅ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስወርድ ፍሬን በያዝሁ ቁጥር መሪው ወደ ግራ ይስብብኛል፤ የግራው ጎማም በውስጥ ጠርዙ በኩል ተልጧል። ጎንበስ ብዬ በባትሪ ስመለከት ከሰባት ወር በፊት የገባው የግራ ጎሚኒ ላስቲኩ ከመሃለኛው ቱቦ ዙሪያ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ወደ ጋራዡ ተመልሼ ብጠይቅ ዕቃው ደካማ ስለ ሆነ ነው ከማለት በቀር የሰጡኝ ምክንያት የለም።

አሁን ያሰብሁት ጎሚኒውን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ብራቾውን በግራም በቀኝም ገዝቼ በቤቴ ግቢ ራሴ ለመቀየር ነው። ያለኝ ዕቃ አንድ ክሪክ፣ የቡሶላ ስብስብ፣ ረጅም እጀታ ያለው መፍቻና መዶሻ ነው። ግቢው አፈር ነው፤ በሩ ሥር ግን መኪናዋን የምታህል የሲሚንቶ ወለል አለች። ሁለት ነገር እንድትነግሩኝ እለምናለሁ። በእርግጥ ዕቃው ደካማ ሆኖ ነው የተቀደደው ወይስ አገጣጠሙ ላይ ስሕተት ነበር? እንደ እኔ ያለ፣ ፍሬን ሸራ ቀይሮ የሚያውቅ ግን ከዚያ ያለፈ ልምድ የሌለው ሰው ሥራውን በቤቱ ቢሞክረው ይወጣዋል?

1ኛ መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም፣ መካኒክ

እንደምን ሰነበቱ ወንድሜ። ከዘረዘሯቸው ምልክቶች ሁሉ ለእኔ ትልቁ የስንጥቁ ቅርጽ ነው። ዕቃው ደካማ ሊሆን ይችላል፤ መኪናውን ሳላይ አልሆነም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን አዲስ ላስቲክ በጥቂት ወራት ውስጥ ከቱቦው ዙሪያ በግማሽ ጨረቃ ሲቀደድ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ብሎኑ የጠበቀበትን ሁኔታ ነው።

ጎሚኒ እንደ ኩሽኔታ የሚሽከረከር ዕቃ አይደለም። ላስቲኩ በውጭ በኩል ብራቾው ውስጥ ከሚገባው ቀለበት ጋር፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ብሎኑ ከሚያልፍበት ቱቦ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ በብረቱ ተነክሶ ይቆማል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወይም ጉብታ ሲወጣ ብራቾው ከፍ ዝቅ የሚለው ላስቲኩ እየተጠማዘዘ ስለሚታዘዝለት ብቻ ነው። ስለዚህ ብሎኑ በጠበቀበት ቅጽበት ብራቾው የነበረበት አቋም ለላስቲኩ የዕረፍት አቋም ይሆናል ማለት ነው። መኪናዋ ተነሥታ እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ የላስቲኩ ዕረፍት ያ የተንጠለጠለው አቋም ሆኖ ይቀራል። መኪናዋ ወደ መሬት ስትወርድ ብራቾው ወደ ላይ ይነሣል፤ ላስቲኩም መኪናዋ ቆማ ባደረችበት ሌሊት እንኳ ተጠማዝዞ ያድራል። በዚያ ላይ ኮብልስቶኑና የዓባይ በረሃ የተጨማደደ አስፋልት ሲጨመርበት ሰባት ወር መቆየቱም ደግ ነው። ይህ በተለይ ብሎኑ አግድም በሚያልፍበት ጎሚኒ ላይ የሚጸና ነገር ነው።

መፍትሔው ገንዘብ የማያስወጣ ነው። ሲገጥሙ ብሎኖቹን እስኪይዙ ድረስ ብቻ ያስገቧቸው፤ የመጨረሻውን ጥብቀት የሚሰጧቸው የመኪናዋ ክብደት በጎማዎቿ ላይ ካረፈ በኋላ ይሁን። ሥራ ሲበዛና ባለመኪናው ቆሞ ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው፤ ያን ዕለት ምንም ድምፅ ስለማይሰማ ማንም አያውቅበትም።

ወደ ግዢው ከመሄድዎ በፊት ግን ሌላውንም ይመርምሩ። የፊቱን አንሥተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዝውዙት። ከተነቃነቀ ረዳትዎ ፍሬን እንዲረግጥ አድርገው ይድገሙት፤ ፍሬን ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን (ብራቾውን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያገናኘውን ተንቀሳቃሽ መጋጠሚያ) ይመልከቱ። በግራና በቀኝ ይዘው ሲወዘውዙት ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ የመሪው ቴስቲና (የመሪ ዘንጉ ጫፍ መጋጠሚያ) ነው። የስታቢላይዘር (የግራና የቀኝ እግሮችን የሚያያይዘው ዘንግ) ሊንክም በኮብልስቶን ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚሰጥ በእጅዎ ይዘው ይነቅንቁት። የቦል ጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን የተቀደደ ከሆነ ባይነቃነቅም ይቀየር፤ ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ውኃ ሲገባበት ከርሟልና።

2ኛ መልስ፦ ከቡሬ፣ ባለመኪና

እኔ ይህንኑ ሥራ በዚያው ዓይነት ኮሮላ ላይ ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ የእኔዋ ግን ማንዋል ናት። ይሠራል፤ ነገር ግን ከሁሉ በፊት አደራ የምልዎ ነገር አለ። በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር ፈጽሞ እንዳይገቡ። ሁለት የብረት ማቆሚያ ይግዙ ወይም ይዋሱ። ለግንብ የሚሆን ብሎኬት ማቆሚያ አይሆንም፤ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈረከሳል። ሥራውን በአፈሩ ላይ ሳይሆን በሲሚንቶው ላይ ያድርጉት፤ የእኛ አገር አፈር ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከክረምት በኋላ ውስጡ ገና ለስላሳ ነውና ማቆሚያው ይሰምጥበታል። የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ያስይዙ፤ የእጅ ፍሬኑንም ይሳቡ።

ከላይ ወንድማችን ስለ ክብደቱ የተናገሩት እውነት ነው፤ በቤት ሲሠራ ግን አንድ ችግር አለው። መኪናዋ ከወረደች በኋላ ብሎኖቹ ጋ እጅና መፍቻ ማስገባት አስቸጋሪ ነው። እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። ምንም ሳልፈታ፣ መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ ቆማ ሳለች፣ ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የአካሏ ሽፋን) ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለካሁና በጠመኔ ግንባሯ ላይ ጻፍሁት፤ 37 ሳንቲ ሜትር ነበር። አዲሱን ብራቾ ከገጠምሁና ብሎኖቹን ካስያዝሁ በኋላ፣ መኪናዋ በማቆሚያዎቹ ላይ እንዳለች፣ ክሪኩን ከቦል ጆይንቱ ሥር አስገብቼ እግሩን ቀስ እያልሁ ወደ ላይ አነሣሁ። የመሃሉ ርቀት እንደ ገና 37 ሲሞላ አቆምሁና ብሎኖቹን አጠበቅሁ። እግሩን በዚህ መንገድ ሲያነሡ መኪናዋ ከማቆሚያው ልትለቅ ትችላለችና ዓይንዎ ከማቆሚያው አይለይ፤ ክሪኩን በእጀታው በሚገፉበት ጊዜም ማንም ከሥሯ አይሁን።

ለመፍታቱ ደግሞ ሁለቱንም የፊት እግሮች አንድ ላይ ያንሡ። አንዱ ብቻ ከተነሣ ስታቢላይዘሩ የተነሣውን ብራቾ ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ሲፈቱም ሲገጥሙም ይታገሉታል። በዚህች መኪና ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ቦል ጆይንቱ ከብራቾው ጋር የታሰረው በአንድ ብሎንና በሁለት ዳዶ ነው። ቦል ጆይንቱ ደኅና ከሆነ እነዚህን ሦስቱን ፈትቶ ብራቾውን መለየት ይቻላል፤ ከላይ ያለውን ሾጣጣ በመዶሻ መደብደብም ሆነ የላስቲክ ሽፋኑን መቅደድ አያስፈልግም። ብራቾው ሲለቅ እግሩ ወደ ውጭ እንዳይወረወር በገመድ ያስሩት፤ አለዚያ አክስሉ ከውስጥ መጋጠሚያው ሊወጣ፣ የፍሬኑም ጎማ ቧንቧ ሊወጠር ይችላል።

ብሎኖቹ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከአንድ ቀን በፊት ይርጩ። በብርድ አገር እንደሚደረገው በመንገዳችን ላይ ጨው ስለማይበተን ዝገታችን የከፋ አይደለም፤ ቢሆንም የሃያ ዓመት ጭቃ ቀላል አይደለም። ብሎኑ አልዞር ካለ ረጅም ቧንቧ አስገብተው በኃይል ከመጠምዘዝ ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ እያላሉ ዘይት ይጨምሩበት። በመጨረሻም የግራና የቀኝ ብራቾ አንድ አይደለም፤ ከሱቅ ሳይወጡ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያስተያዩ።

3ኛ መልስ፦ ከባሕር ዳር

ወንድሞቼ በጎውን ሁሉ ብለዋል፤ ጠያቂው ካምቢዮዋ አውቶማቲክ እንደ ሆነ መናገራቸውን ግን ማንም አላነሣውም። በዚህ ሞዴል አውቶማቲክ መኪኖች ላይ የግራው ብራቾ የፊተኛ ብሎን ሲሳብ ካምቢዮው ይገጥመዋል እንጂ አይወጣም። ለማውጣት ሞተሩንና ካምቢዮውን ከላይ ወይም ከታች ደግፎ ብራቾዎቹ የታሰሩበትን የብረት ክፈፍ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ክሪክ በቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም። ብሎኑን በመጋዝ ቆርጠው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ አዲሱን ብሎን በተቃራኒ አቅጣጫ አስገብተው ይዘጉታል። እኔ አልመክረውም፤ ዳዶው በክፈፉ ላይ የተበየደ ከሆነ ቦታውን እስከ መጨረሻው ያበላሻል።

ስለዚህ የእኔ አሳብ የቀኙን በቤትዎ ሠርተው የግራውን ክፈፍ ማውረጃ ላለው ጋራዥ ይስጡት የሚል ነው። ሲሰጡም ብሎኑ እግሩ ተንጠልጥሎ እንዳይጠብቅ በአፍዎ ብቻ ሳይሆን ቆመው እያዩ ያሠሩት። የቡሬው ወንድማችን በጠመኔ የጻፉትን ልክ እርስዎም ጽፈው ይሂዱ።

የጥብቀት መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌለዎት ለዚህ ሥራ ይዋሱ። የዚህች መኪና የጎማ ዳዶ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም በግማሽ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ወደ 21 ኪሎ ክብደት መጫን ማለት ነው። የብራቾው ብሎኖች ከዚህ የተለየ ልክ ስላላቸው ከመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ ላይ ያንብቡት እንጂ ከሰው አፍ አይውሰዱት፤ ከእኔም ቢሆን።

ጠያቂው፦ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በምክራችሁ መሠረት አድርጌ ውጤቱን ልንገራችሁ። ቦል ጆይንቶቹ ደኅና ነበሩ፤ የስታቢላይዘር ሊንኩም እንዲሁ። የቀኙን ብራቾ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሬ ከቀትር በኋላ ጨረስሁ። ከመፍታቱ ይልቅ ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ የብሎኑን ቀዳዳ ከጎሚኒው ቱቦ ጋር ማገናኘት ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ በረጅም ብረት ብራቾውን እየገፋልኝ ነው የገባው። የአሮጌውን የቀኝ ጎሚኒ አውጥቼ ሳየው እርሱም በዚያው ቦታ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር፤ ከአንድ ወገን ብቻ ቢሆን የዕቃው ጥፋት ነው እል ነበር፣ አሁን ግን በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ሆኖ በማግኘቴ አጠባበቁ እንደ ነበር አምኛለሁ። የግራውን በሌላ ጋራዥ ክፈፉን አውርደው ቀየሩልኝ፤ ክብደቱ በጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ሲያጠብቁት አጠገባቸው ነበርሁ።

ድምፁ ጠፍቷል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግን መሪው በጥቂቱ ወደ ቀኝ አጋድሎ ይቆማል፤ መሪውን አውጥቶ አስተካክሎ መመለስ ይቻላል ወይ?

የፍኖተ ሰላሙ መካኒክ

መሪውን አይንኩት። ክፈፉ ሲወርድና ሲመለስ፣ ብራቾዎቹም ሲቀየሩ የጎማዎቹ አቅጣጫ በጥቂቱ ተለውጧል፤ መሪው የሚያሳይዎ ያንን ነው። አላይመንት ያሠሩ፤ ሠራተኛው መጀመሪያ መሪውን ቀጥ አድርጎ አስሮ ከዚያ የመሪ ዘንጎቹን በሁለቱም በኩል እንዲያስተካክል ይንገሩት። ከዚያ በፊት የዓባይን በረሃ አይውረዱ፤ የውስጥ ጠርዙ የተላጠው ጎማም ሽቦው ብቅ ካለ አላይመንቱን ሳይጠብቅ ይቀየር። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ የቀኙን ብሎኖች በመለኪያው መፍቻ አንድ ጊዜ ይፈትሿቸው፤ የግራዎቹንም ጋራዡ እንዲፈትሽልዎ ይጠይቁ።