«ራስን መግዛት»፦ ገዢው ማን፣ ተገዢው ማን?

የደብረ ብርሃኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ሰሞኑን የፍልስፍና መጻሕፍት ይዞ ተቀምጧል። ትናንት ማታ ቡና ላይ እንዲህ አለኝ፦ «ራስን መግዛት የሚባለው ነገር አይገባኝም። ገዢ ካለ ተገዢ አለ። ታዲያ ነጻነቱ የቱ ጋ ነው?» መልስ አጣሁ። መንዝ ያሉት አያቴ ልጅ ሆኜ ሳኮርፍ «ልብ ግዢ እንጂ!» ይሉኝ ነበር። ልብ የት ገበያ ነው የሚሸጠው እያልኩ እገረም ነበር። እስቲ ንገሩኝ፤ አማርኛ ለዚህ ነገር ለምን «መግዛት»ን መረጠ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እህቴ፣ ከግዕዙ ብንነሳ ይቀለናል። «ገዝአ» ማለት ጌታ ሆነ፣ ባለቤት ሆነ ነው። «እግዚእ» የሚለው ቃል ከዚሁ የወጣ ነው። እግዚአብሔር ስንልም «የብሔር ጌታ» ማለታችን ነው። በገንዘብ መግዛትን ግን ግዕዝ በዚህ ግስ አይለውም፤ «ተሣየጠ» ነው የሚለው። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገው አማርኛ ነው። በሬ የገዛም ገዛ፣ አገር የገዛም ገዛ። የሚያገናኛቸው ባለቤትነት ነው።

አሁን ደግሞ «በገዛ እጁ»፣ «የገዛ ልጁ»፣ «በገዛ ቤቴ» የምንለውን አስቢ። እዚህ ላይ ገዢም ተገዢም የለም። የራስ የሆነ ማለት ብቻ ነው። ለእኔ ራስን መግዛት የሚቀርበው ለዚህኛው ነው። ራሱን የገዛ ሰው ራሱን የራሱ አድርጓል። ያልገዛ ሰው ግን የሌላ ነው። የቁጣው ነው፣ የመጠጡ ነው፣ የሰው ወሬ ነው።

«ግዝት» ግን የዚህ ዘመድ አይደለም። እሱ «ገዘተ» ከሚለው ነው። ብዙ ሰው ያምታታዋል።

የሞላሌው፦
ልብ መግዛትና አደብ መግዛት ለየቅል ናቸው። «አደብ ግዛ!» ከውጭ የሚመጣ ቁጣ ነው፤ ለሚረብሽ ልጅ፣ ለሚሳደብ ጎረምሳ። ለታላቅ ሰው አይባልም፤ ነውር ነው። ልብ መግዛት ግን ከውስጥ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። አያትሽ አደብ ግዢ ሳይሆን ልብ ግዢ ማለታቸውን ልብ በይ። እኛ ጋ ስለ አንድ ወጣት «አሁንስ ልብ ገዝቷል» ከተባለ ትልቅ ነገር ነው። አባቱ ጥማድ በሬ አምኖ የሚሰጠው ያኔ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦
ልጆቼ፣ እኔ ቃሉን በሣር ላስረዳ። መንዝ ያለውን ጓሳን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቦታውም ሣሩም ጓሳ ነው የሚባለው። ቤት የሚከደነው በእሱ፣ ገመድ የሚገመደው በእሱ። አስቦና ጌራ ከተባሉ ቀደምት አባቶች የተወለዱ ባለርስቶች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። አለቆቻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ጣሪያ እያፈሰሰ፣ ሣሩ እዚያ ማዶ እየታየ ማንም ማጭድ አያነሳም። ቀኑ ሲደርስ ሁሉም አንድ ላይ ወጥቶ ያጭዳል። ሥርዓቱ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ዘልቋል።

የወንድምሽን ጥያቄ ሳነብ ይሄ ነው የታወሰኝ። ገዢው ማን ነበር? ተገዢውስ? ያው እነዚያው ሰዎች ናቸው። ደንቡ የገዛ ደንባቸው ስለሆነ ባርነት አልመሰላቸውም። ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰቡ ይጠበቃል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም አለ።

ፍልስፍና ያነበበ፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ምሳሌ ካነበብኩት ብዙ ነገር ይበልጥብኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ወንድምሽ የሚያነበው ስቶይክ የሚባሉትን የጥንት ግሪክና ሮም ፈላስፎች ከሆነ ኤፒክቴቶስን ሳያገኘው አይቀርም። ይህ ሰው ባሪያ ሆኖ የተወለደ ነው። ስሙ ራሱ በግሪክኛ «የተገኘ፣ ንብረት የተደረገ» ማለት ነው። እንግዲህ በአማርኛችን ካየነው የተገዛ ሰው ነው ራስን ስለ መግዛት ያስተማረው! ትምህርቱ የሚጀምረው ከአንድ ክፍፍል ነው። ፍርዳችን፣ ፍላጎታችን፣ ምርጫችን በእጃችን ነው። ሥጋችን፣ ሀብታችን፣ ሹመታችን በእጃችን አይደለም። ጌታው እግሩን ማሰር ይችላል። ፈቃዱን ግን ማሰር አይችልም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ161 እስከ 180 ዓ.ም. ሮምን የገዛው ማርቆስ አውሬሊዮስ የዚህን ባሪያ ትምህርት አንብቧል፤ በማስታወሻውም አመስግኖበታል። አገር የገዛው ሰው ከተገዛው ሰው ራስን መግዛት ተማረ። ይህን በሌላ ቋንቋ ስትናገሪው እንደ አማርኛው አይጥምም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ወንድሜ፣ ድንቅ ነው። የእኛም ሊቃውንት ለዚያ ምርጫ ቃል አላቸው፦ ግዕዛን። ነጻነት ማለት ነው፤ ክፉና ደጉን ለይቶ መምረጥ። «እንስሳ ግዕዛን የለውም» ይላሉ። ይህ ቃል ከመጻሕፍት ወጥቶ መንደር ቢገባ ደስ ይለኛል። «ነጻ ፈቃድ» ከምንለው ያጥራል፣ ይከብዳልም።

ዓላሚ፦
ከጥያቄው ወጣ ቢልም፣ የቃላት ነገር ከተነሳ አይቀር ስለ «ዓላማ»ም አንድ ነገር ልበል። ዓለመ በዐይኑ «ዓ» አነጣጠረ ነው፤ ዒላማም ከዚያ ነው። ሐለመ በሐመሩ «ሐ» ሕልም አየ ነው። ዛሬ ሁለቱንም «አለመ» ብለን እንጽፋለን። የሚያልመውን ከሚያነጣጥረው መለየት ያቃተን ለዚህ ይሆን እላለሁ። ፊደሎቹን ብንጠብቅ መልካም ነበር።

የደብረ ብርሃኗ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጓሳውን ለወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ለካ ከሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ጽፎ ይዞት ይዞር ኖሯል። የመጀመሪያው መስመር «በገዛ ፈቃዴ» ይላል። ሁላችንም እንደዚያው ነው የምንጽፈው። «የእውነት በገዛ ፈቃዴ ነው ወይስ ከአለቃዬ ጋር ተኮራርፌ?» አለኝ። እኔ አልመለስኩለትም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ መለሰው። ዛሬ ጠዋት በውርጩ ተነስቶ ሥራ ገብቷል። ማመልከቻውም ኪሱ ውስጥ ነው።