እናቴ ደጋግማ ትወድቃለች፤ በቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሰጥ የአረማመድ ሥልጠና ይጠቅማታል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ74 ዓመት እናቴ ባለፉት አምስት ወራት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሁለቱንም ጊዜ የወደቀችው ደረጃ ላይ ወይም ጨለማ ውስጥ ሳይሆን በቀን ብርሃን፣ አብጥራ በምታውቀው ቤቷ ውስጥ ነው። ሁለተኛውን በዓይኔ አይቻለሁ። ብርጭቆ ውሃ ይዛ ከወጥ ቤት ስትመጣ ጠራኋት፤ ልትመልስልኝ ፊቷን ወደ እኔ ስታዞር የቀኝ እግሯ ጣት የምንጣፉን ጠርዝ ያዘው፤ ብርጭቆው እንዳይወድቅባት ስትል እጇን እንኳ ሳትዘረጋ በጎኗ ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ግድግዳ ሳትይዝ አትራመድም።

የሚከታተላት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በቨርቹዋል ሪያሊቲ (በኮምፒውተር የተሠራ ዓለምን በስክሪን ወይም ዓይን በሚሸፍን መነጽር እንደ ጨዋታ በሚያሳይ መሣሪያ) የታገዘ ሥልጠና እንድትጀምር ሐሳብ አቅርቦልናል። እኔን የሚያሳስበኝ ሥልጠናው በጨዋታው ጎበዝ ያደርጋት እንደሆነ እንጂ በቤቷ ወለል ላይ ከመውደቅ ያድናት እንደሆነ አለማወቄ ነው። ደግሞስ ሚዛኗን መጠበቅ ያቃታትን ሰው ዓይን በመነጽር ሸፍኖ ማራመድ አደጋ የለውም? በሙያው ያላችሁ ወይም ቤተሰባችሁን ያሠለጠናችሁ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
እኅቴ፣ ስለ ብርጭቆው የጻፉት የጉዳዩ እምብርት ነው። መራመድ ሳናስብበት የምንሠራው ሥራ ይመስለናል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ከቀድሞው የበለጠ ትኩረት ይጠይቃል። እናትዎ በዚያች ቅጽበት ይራመዱ ነበር፣ ውሃው እንዳይፈስ ይጠነቀቁ ነበር፣ ለእርስዎም መልስ ሊሰጡ ነበር። ትኩረታቸው በሦስት ሲከፈል እግራቸው መነሳት የሚገባውን ያህል አልተነሳም፤ ለመሰናከል ደግሞ ትንሽ ጉድለት ይበቃል። ስለዚህ የጡንቻ ማጠንከሪያ ብቻውን ይህን ክፍተት አይሞላውም። ሰውዬው እየተራመደ ማየት፣ መምረጥና እርምጃውን በጊዜው ማስተካከል መለማመድ አለበት፤ ቨርቹዋል ሪያሊቲም የሚረዳው እዚህ ላይ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ ጥሩ መልስ የሚሰጠው በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ነው። በአምስት አገሮች የተካሄደ ሲሆን፣ የተሳተፉት ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 የሆነ፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት ቢያንስ ሁለት ጊዜ የወደቁ 302 ሰዎች ነበሩ። ሁሉም በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ ያህል በትሬድሚል (ወለሉ በሚንቀሳቀስ የመራመጃ ማሽን) ላይ ተራመዱ። የግማሾቹ ልዩነት ከፊታቸው ስክሪን መኖሩ ነው፤ ካሜራ የእግራቸውን እንቅስቃሴ እየተከተለ በስክሪኑ ላይ ያሳያቸዋል፣ በመንገዳቸው ላይ መሰናክል ይመጣባቸዋል፣ እግራቸውን በበቂ ከፍታና በትክክለኛው ጊዜ አንስተው ማለፍ ይኖርባቸዋል፣ መንገድም ይመርጣሉ። ከሥልጠናው በኋላ ባሉት ስድስት ወራት የተቆጠረው የጨዋታ ነጥብ ሳይሆን መውደቅ ራሱ ነበር። ስክሪን በነበራቸው ሰዎች ዘንድ የመውደቅ መጠን ለአንድ ሰው በአማካይ በስድስት ወር ከ11.9 ጊዜ ወደ 6 ጊዜ ሲወርድ፣ በትሬድሚል ብቻ በሠለጠኑት ዘንድ ከ10.7 ወደ 8.3 ነው የወረደው፤ ይህኛው ቅናሽ በስታቲስቲክስ መለኪያ አስተማማኝ አልነበረም። ቁጥሮቹ ከፍ ያሉት ከተሳታፊዎቹ መካከል የፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም) ሕመምተኞችም ስለነበሩ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም መሣሪያ ሲቀርብልዎ ውጤቱ የተለካው በምን እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙዎቹ ጥናቶች የሚለኩት የሚዛን ፈተናን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ ለመቀመጥ የሚፈጀውን ሰከንድ። በዚያ ፈተና መሻሻል መልካም ነው፤ መውደቅ ቀነሰ ማለት ግን አይደለም።

አባቱን ያሠለጠነ፦
ለሁለተኛው ጥያቄ ከገጠመን ልናገር። የ79 ዓመት አባቴ በመጀመሪያ የሞከረው ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን መነጽር ነበር። በቆመበት ዓይኑ ወደፊት እየሄደ እንደሆነ ያሳየዋል፣ በውስጠኛው ጆሮው ያለው የሚዛን ክፍል ግን ቆመሃል ይለዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መኪና እንደማይስማማው ሰው አጥወለወለው፣ ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ አየሁ፤ መነጽሩ ሲወልቅ ደግሞ ተንገዳገደና ባለሙያዋ ወገቡን ይዛ አተረፈችው። ሁሉም ሰው እንዲህ አይሆንም፤ ቢሆንም ማዞር ያለበት ሰው የራሱን እግርና በአካባቢው ያለውን ነገር ማየት የማይችልበትን መሣሪያ ቁሞ ከመሞከሩ በፊት ደጋግሞ እንዲያስብበት እመክራለሁ።

ከዚያ ወደ ሌላ ሥልጠና ተዛወርን። ወለል ላይ በተነጠፈ፣ እግር የት እንዳረፈ በሚለይ ምንጣፍ ላይ ቆሞ፣ በቴሌቪዥን የሚመጣውን ምልክት እየተከተለ ወደፊት፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይረግጣል። በአውስትራሊያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 769 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2024 ኔቸር ሜዲስን ላይ የታተመ ጥናት እንዲህ ያለውን የእርምጃ ጨዋታ በቤታቸው የተጫወቱት ሰዎች በ12 ወራት ውስጥ የወደቁበት መጠን ካልሠለጠኑት በ26 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ተቀምጠው የአእምሮ ጨዋታ ብቻ የተጫወቱት ግን ይህን ያህል አላተረፉም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ እግር መርገጥ አለበት። አባቴ ከአራት ወር በኋላ በመግቢያው በር ደፍ ላይ ተሰናክሎ ነበር። ግን ሁለተኛው እግሩ ፈጥኖ ወደፊት ደረሰለትና ቆመ።

ነርስ፦
ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ይታይላቸው። የደም ግፊታቸው ተኝተው፣ ከዚያም ከቆሙ በኋላ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ደቂቃ ይለካ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ችግሩ ከእግራቸው ብቻ አይደለም። የሚወስዱት መድኃኒት፣ በተለይ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒት፣ በሐኪም ይከለስ። ለሩቅና ለቅርብ በአንድ ላይ የተሠራ መነጽር አድርገው የሚራመዱ ከሆነም ይነገር፤ ወደ ታች ሲያዩ ወለሉን ያደበዝዝባቸዋል። መሣሪያው እስኪገኝ ደግሞ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ አያስፈልግም። በ2019 የወጣው የኮክሬን (የጤና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ከ23,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 108 ጥናቶች አሰባስቦ፣ ያለ ምንም ስክሪን የሚሠራ የአካል እንቅስቃሴ መውደቅን በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለሙያውን ጠየቅሁት፤ ያሰበላት በትሬድሚልና በስክሪን የሚሠራውን ነው፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ የደህንነት ቀበቶም አለው። የደም ግፊቷም ስትቆም በ24 ወርዶ ተገኘ፤ ሐኪሟ መድኃኒቷን አስተካክሎላታል። አሁን የቀረው ፍርሃቷ ነው። «የሚንቀሳቀስ ወለል ላይ አልቆምም» ትላለች፤ ላስገድዳትም አልፈልግም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
አያስገድዷቸው፤ ፍርሃታቸው ልክ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀበቶውን ታጥቀው በቆመው ማሽን ላይ ሆን ብለው ክብደታቸውን ይልቀቁበትና እንደሚይዛቸው በራሳቸው ይመኑ። ከዚያ በወለል ላይ ከሚሄዱበት ባነሰ ፍጥነት፣ ድጋፉን ይዘው፣ ስክሪኑ ጠፍቶ ይራመዱ፤ ማቆሚያውም በእጃቸው ይሁን። ምስሉ የሚጨመረው እጃቸውን ከድጋፉ ማንሳት ሲጀምሩ ነው፣ መሰናክሉም ከዝቅተኛው ይጀምራል። እርስዎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጠገባቸው ሲቆሙ አያናግሯቸው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ከባለሙያው ጋር ተነጋግረው፣ ቀበቶውን እንደታጠቁ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ኩባያ ይስጧቸውና ከጎን ሆነው ይጥሯቸው።